አዳራሼና ሁለቱ ኩርፈኞች

ጎባ ውስጥ ቤት ያዝኩ ሲባል ሰው የሚጠይቀው ስለ ውኃውና ስለ መብራቱ ነው። እኔን ያገኘኝ ሁሉ ግን «መጻሕፍቱስ?» ይለኝ ነበር፤ የያዝኩት ቤት የከተማው አሮጌ ቤተ መጻሕፍት ነዋ። ጎባ የጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ በነበረችበት ዘመን የተሠራ ነው፤ ግድግዳው ጥርብ ድንጋይ፣ ወለሉ የጥድ ሳንቃ፣ ጣሪያው እንደኔ ዕድሜ ያለው ቆርቆሮ። መሥሪያ ቤቶች ወደ ሮቤ ሲዛወሩ መጻሕፍቱም ተጭነው ሄዱ። ጎባዎች ይህን እስከ ዛሬ ይቅር አላሉም፤ ሮቤዎች ደግሞ ይቅር የሚባል ነገር መኖሩንም አያውቁም። ከዚያ በኋላ ቤቱ የድንች ዘር ማከማቻ ሆነ፣ ቀጥሎ የማንም ሳይሆን ቀረ፣ በመጨረሻ በረዥም የኪራይ ውል እኔ እጅ ገባ።

እኔ ሠዓሊ ነኝ። ተወልጄ ያደግኩት እዚሁ፣ ከጉራጌ አገር መጥቶ ጨርቅ ይሸጥ በነበረው አባቴ ሱቅ ጀርባ ነው። ሙያውን አዲስ አበባ ተምሬ እዚያው ከአከራይ ወደ አከራይ ስዞር ብዙ ኖርኩ። አከራዮቼ ማንኳኳት የሚባል ነገር አያውቁም። አንዷ በየጠዋቱ ገብታ ሥዕሌ ፊት ትቆምና «ይቺ ሴትዮ ፊቷ ሰማያዊ የሆነው ታማ ነው?» ትለኝ ነበር። ስለዚህ ወደ ጎባ ስመለስ የፈለግኩት አንድ ነገር ነው፤ ከውስጥ የምዘጋው የራሴ በር። ከዚያ በር ጀርባ ደግሞ የድሮው የንባብ አዳራሽ አለ። ረዣዥም መስኮቶቹ ወደ ሰሜን ስለሚያዩ ብርሃኑ ቀኑን ሙሉ አይለዋወጥም። ያንን ብርሃን ለብቻዬ ልበላው ነበር የመጣሁት።

ቤቱ ግን እኔን የጠበቀኝ አይመስልም። ሳንቃውን ስናነሳ ከሥሩ ድንች በቅሎ፣ ነጭ ቀጫጭን ቡቃያው ብርሃን ፍለጋ ሲንጠራራ አገኘነው። የአቡጀዲ ኮርኒሱን አናጢው በምሳር እጀታ ቢነካው የሦስት መንግሥት አቧራ በላያችን ወረደ። ግድግዳው ላይ አረንጓዴ ቀለም አለ፤ አረንጓዴውን ስፍቅ ቢጫ፣ ቢጫውን ስፍቅ ሮዝ፣ ሮዙን ስፍቅ ኖራ። እያንዳንዱ ኃላፊ ሲሾም መጀመሪያ የሚያደርገው ግድግዳ መቀባት ነበር መሰለኝ። አናጢውን ያመጣሁት ከሮቤ ነው፤ ይህንንም ሰፈሩ አልወደደልኝም። መጻሕፍቱን ወስደው አናጢ ላኩልን ተባለ። ሰውየው እጁ ሥራ ላይ፣ አፉ ወሬ ላይ የሆነ፣ የሁለቱንም ከተማ ጉዳይ የሚያውቅ ወሬኛ ነበር።

ስህተቱን የሠራሁት አንድ ቀን መደርደሪያ ስናነሳ ነው። ከጀርባው ሰማያዊ የቆርቆሮ ሰሌዳ ወደቀ፤ በነጭ፣ በጣም በሚያምር የእጅ ጽሕፈት «ጸጥታ ይከበር» ይላል። ማን እንደጻፈው አላውቅም፣ ግን የ«ጸ»ን ጉልበት አጎንብሶ ሲያወርዳት እጁ ያልተንቀጠቀጠ ሰው ነበር። ወልውዬ አዳራሹ በር ላይ ሰቀልኩት። ለውበቱ ነው እንጂ ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም።

በማግሥቱ ጠዋት አንድ ነጭ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ ጋዜጣ በብብታቸው ይዘው ገቡ። መካ ደርሰው የመጡ ሐጂ ናቸው፤ ልጅ ሆኜ ከአባቴ ሱቅ ኩታ ሲገዙ አውቃቸዋለሁ። «አካም ቡልቴ፣ ኢንተላ ኮ» አሉኝ፤ እንዴት አደርሽ ልጄ ማለታቸው ነው። ስለ እኔ፣ ስለ ሟች አባቴ፣ ስለ ከብቱም ስለ ዝናቡም ጠየቁኝ። ከዚያ በመስኮቱ ሥር ካስቀመጥኩት አሮጌ ጠረጴዛ አንዱ ጫፍ ተቀምጠው ጋዜጣቸውን ዘረጉ። ጥቂት ቆይተው ሌላ ሽማግሌ መጡ፤ ከደሎ መናና ከሐረና ጫካ ማር እያስመጡ ገበያው ጥግ ሱቅ ውስጥ የሚሸጡት የማር ነጋዴ። እኔን ሰላም አሉ፣ አናጢውን ሰላም አሉ፣ ሐጂን እንዳላዩ አልፈው የጠረጴዛው ሌላ ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

በጨዋ ደንብ አስረዳኋቸው። ይህ ቤት አሁን መኖሪያዬና ሥራ ቦታዬ ነው፣ ቤተ መጻሕፍቱ ሮቤ ነው፣ አዲስ ሕንፃ አለው፣ ወንበሩም ይመቻል አልኩ። ሐጂ ቀና ብለው አዩኝና ሮቤ ሩቅ ነው አሉ። ሮቤ ከጎባ በሚኒባስ አንድ እንቅልፍ አይሞላም፤ እሳቸው ራሳቸው ገበያ ቀን እዚያ ውለው ነው የሚመጡት። ይህን ልነግራቸው አፌን ስከፍት የማር ነጋዴው ጣታቸውን ወደ በሩ ቀስረው ሰሌዳውን አሳዩኝ። በገዛ ቤቴ፣ በገዛ እጄ የሰቀልኩት ሰሌዳ ዝም አሰኘኝ።

ነገሩን የፈታልኝ አናጢው ነው። ሰዎቹ ሲሄዱ ምሳሩን ጥሎ ተቀመጠና ከመጀመሪያው ጀመረልኝ።

ሁለቱ አብሮ አደግ ናቸው። ከዓመታት በፊት አንድ የጋራ ዘመዳቸው ደሎ መና ሲዳር በአንድ አውቶቡስ ተሳፈሩ። የሳነቴ አምባ አናት ላይ ሾፌሩ ጎማ ሊያይ ቆመ። ጉም ወርዷል፣ ብርዱ አጥንት ይሰብራል፣ ተሳፋሪው ሁሉ ከራሱ እስከ እግሩ በጋቢ ተጠቅልሎ ማን ማን እንደሆነ አይታወቅም። ሐጂ ለሽንት ሊወርዱ ሆነ። እኛ ጋ ወንበር በጋቢ ይያዛል፤ ጋቢ የተጣለበትን ወንበር የሚነካ ደፋር የለም። ስለዚህ ለሠርጉ የሚወስዱትን የገብስ ጆንያ ከወለሉ አንስተው ወንበራቸው ላይ አቆሙና ጋቢያቸውን አለበሱት። የማር ነጋዴው አጠገባቸው አንቀላፍተው ነበር። ሲነቁ ረዳቱ «ሁሉም ገብቷል?» ይላል። ወደ ጎናቸው ቢያዩ ጋቢው አለ። «ገብቷል፣ ተኝቷል፣ ንዳው» አሉ።

ከዚያ ቁልቁል እስከ ሪራ መንደር ድረስ ጆንያውን ሲያጫውቱት ሄዱ። ስለ ሙሽራዋ ዘመዶች ነገሩት፣ ስለ ማር ዋጋ አማከሩት። መልስ ሲያጡ ያኮረፈ መሰላቸውና ዳቦ ቆርሰው ጋቢው ሥር ሸጎጡለት። ሪራ ላይ ሊቀሰቅሱት ጋቢውን ሲገልጡ አውቶቡሱ ሙሉ ያያቸው ነበር። ሐጂ በዚያን ሰዓት ሳነቴ ላይ ያለ ጋቢ ቆመው ከአንድ ቀይ ቀበሮ ጋር ይተያያሉ። የጭነት አይሱዙ አግኝቶ ደሎ መና ሲያደርሳቸው ወሬው ቀድሟቸው ሠርግ ቤት ገብቷል። እዚያው ድግሱ መሃል ከጆንያ ካልለየኝ ሰው ጋር ዳግም ቃል አልለዋወጥም ብለው በአላህ ማሉ። የማር ነጋዴውም ሳይነግረኝ ወርዶ የባሌ መሳቂያ ያደረገኝ እሱ ነው ብለው በተራቸው ማሉ።

ሽማግሌ ገባ፣ አልሆነም። አንድ ሼህ መሐላው ከፋራ፣ ማለትም የማካካሻ ጾም፣ ተጾሞ ሊፈርስ እንደሚችል አስረዷቸው፤ ሁለቱም እሺ፣ እሱ ይጀምር አሉ። ሻይ ቤት እንዳይገናኙ ሰው «ጆንያው መጣ» እያለ ይጠቃቀሳል። ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ግን ማንም ማንንም አያናግርም፤ እዚያ ዝም ማለት ኩርፊያ ሳይሆን ደንብ ነው። ስለዚህ መሐላቸውን ሳያፈርሱ በየቀኑ አንድ ጠረጴዛ ላይ አብረው ይውሉ ነበር። መጻሕፍቱ ሲሄዱ ለሰው የቀረበት ንባብ ነው፣ ለእነሱ ግን የሚገናኙበት ቦታ ነው የጠፋው።

ወለሉ ላይ እስክቀመጥ ሳቅኩ። ሳቄ ሲያልቅ ግን ፈራሁ፤ የእነዚህ ሰዎች ኩርፊያ በመላው ባሌ ከእኔ አዳራሽ ሌላ መጠለያ የለውም ማለት ነው። ሰሌዳውን ላውርደው ብዬ አሰብኩ። ሐጂ ግን ጋዜጣቸውን እያጠፉ «አንቺ ልጅ ቁም ነገረኛ ነሽ፣ ሰሌዳውን መለስሽልን» ብለውኝ ስለነበር እጄ እምቢ አለ። ሽማግሌ ከቤት ውጣ ማለትም እኛ ጋ አይታሰብም፤ እናቴ ከመቃብር ተነስታ ትቆጣኝ ነበር።

ስለዚህ በተንኮል ሞከርኩ። መጀመሪያ ግድግዳ የምፍቀው እነሱ ባሉበት ሰዓት እንዲሆን አደረግኩ። ሐጂ ጋቢያቸውን አፍንጫቸው ላይ ሳቡ፣ የማር ነጋዴው በጀርባ ኪሳቸው ያለውን መሐረብ አወጡ፤ ንባቡ ቀጠለ። ቀጥዬ ከጠረጴዛው በላይ ያለውን ቆርቆሮ አስነሳሁ። ፀሐይዋን ስላገኙ ሁለቱም መረቁኝ። በመጨረሻ ብልሃት ያልኩትን አመጣሁ፤ እዚህ የሚቀመጥ ሁሉ ይሣላል ብዬ ሸራዬን ፊታቸው ተከልኩ። ሐጂ መልካቸው ሲሣል እንደማይወዱ አውቃለሁ፣ ይሄዳሉ ብዬ ነው። እሳቸው ዝም ብለው ተነሡ፣ ወንበራቸውን አዞሩና ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ማንበባቸውን ቀጠሉ። ጀርባቸውን ሣልኩ። እውነቱን ልናገርና ከዚያ ዓመት ሥራዎቼ የምወደው እሱን ነው።

በዚህ መሃል መልእክተኛ ሆንኩ። ሐጂ አንድ ቀን በእጃቸው ጠቅሰው ጠሩኝና በሹክሹክታ ያ ሰውዬ ወንበሩን ፈቀቅ ያድርግ፣ ብርሃን ከለከለኝ በዪልኝ አሉ። ሁለት እርምጃ ሄጄ የማር ነጋዴው ጆሮ ላይ ስጎነበስ ሰይጣኔ መጣ። «ሐጂ ጆንያዎን ያንሱልኝ ብለዋል» አልኳቸው። ተቆጥተው ውልቅ ይላሉ ብዬ ነው። ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። ወንበራቸውን ፈቀቅ አደረጉና ጆሮዬን ስበው፣ ጆንያው ይሻል ነበር፣ ቢያንስ ያዳምጣል በዪልኝ አሉ። ይቺንስ ቃል በቃል፣ በደስታ አደረስኩ። ሐጂ ጋዜጣውን ፊታቸው ላይ ከፍ አደረጉ፤ ጋዜጣው ግን እየተርገበገበ ነበር። በማግሥቱ ሁለቱም ከወትሮው ቀድመው መጡ።

ነገር ካላባረራቸው ፍቅር ያባርራቸዋል አልኩ። ቢታረቁ እንደ ሰው ሻይ ቤት ይሄዳሉ፣ እኔም በሬን እዘጋለሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በእጄ የሚያልፈውን ቃል ሁሉ ማጣፈጥ ያዝኩ። የማር ነጋዴው ጋዜጣውን ሲገልጥ አያንኮሻኩሸው ሲሉኝ፣ ለሐጂ ጉልበትዎ እንዴት ሆነ እያሉ ነው እላለሁ። ሐጂ ሳሉን ውጭ ይጨርስ ሲሉኝ፣ ለማር ነጋዴው ብርዱ እንዳይጎዳዎት ብለው ተጨንቀዋል እላለሁ። አንድ ቀን ይህ ብቻ አልበቃኝ አለና ከማር ነጋዴው ሱቅ አንድ ብልቃጥ የሐረና ማር ገዝቼ፣ ተከራክሬም አስቀንሼ፣ ከእሳቸው የተላከ ነው ብዬ ለሐጂ ሰጠኋቸው። ሐጂ በጣታቸው ቀመሱ። ጣታቸውን ደግመው ነከሩ። ከዚያ ይህን ማር ሳይቀላቅል የሚሸጥ እሱ ብቻ ነው አሉኝ። ስለ ወዳጃቸው ያለ ስድብ ሲናገሩ የሰማኋቸው ያን ቀን ነው።

ክረምቱ ገባ። የጎባ ክረምት ጉሙ በመስኮት እንግዳ ሆኖ የሚገባበት ነው። ሐጂ አንድ ጠዋት ቀሩ፤ በማግሥቱም፣ ከዚያም ቀጥሎ ባለው ቀን። የማር ነጋዴው ብቻቸውን መጥተው ይቀመጣሉ። የሚያነቡ መስለው የያዙት ገጽ አይገለጥም፤ በሩ በነፋስ በተነካ ቁጥር ቀና ይላሉ። እኔ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ግማሹ አዳራሽ ነፃ ወጥቷል። ደስ አላለኝም። አንድ ሰው ወደ ባዶ ወንበር ላለማየት እንዲህ ሲታገል አይቼ አላውቅም፤ ብሩሼን ይዤ አንጀቴን በላኝ። በመጨረሻ ወደኔ ሳይዞሩ ጠየቁኝ።

«ያ ሰውዬ… የት ገባ?»

አናጢው ነግሮኝ ስለነበር ሐጂ ጉልበታቸው አብጦ ተኝተዋል አልኩ። ሄደው ይጠይቋቸው ስል መሐላዬስ አሉ፣ እሱስ መች ጠራኝ አሉ። ያኔ አፌ ከእኔ ቀድሞ ሄደ።

«ጠርተውዎታል» አልኳቸው። «ይምጣልኝ ብለዋል።»

ሐጂ እንዲህ አላሉም። ሐጂ ለእሳቸው የላኩት የመጨረሻ መልእክት የጫማውን ጭቃ ጠርጎ ይግባ የሚል ነበር። የማር ነጋዴው ግን ተነሡ፣ ጃንጥላቸውን ረሱ፣ በዝናቡ ወጥተው ሄዱ። ያን ቀን ለሥዕል እጄ አልታዘዝ አለኝ። ሐጂ ማን ጠራህ ቢሏቸውስ? እኔ ቤቴን ነው የማጣው ወይም የማገኘው፤ እሳቸው ግን ባላቸው አንድ ወዳጅ ደጃፍ ላይ ተዋርደው ሊመለሱ ነው። ፈራሁ።

በኋላ እንደሰማሁት ሐጂ ማን ጠራህ አላሉም። ተኝተው ሳሉ በሩ ላይ ሲያዩዋቸው በራሱ ፈቃድ፣ መሐላውን አፍርሶ መጣልኝ ብለው አሰቡ። የማር ነጋዴው ደግሞ እሱ ቀድሞ ጠራኝ ብለው አምነዋል። ሁለቱም ሌላው ተሸነፈልኝ እያሉ፣ ሁለቱም ደስ ብሏቸው አለቀሱ። ከፋራቸውንም አብረው ጾሙ።

ሐጂ ሲሻላቸው አንድ ጠዋት በሬ ተንኳኳ። ሁለቱም ጎን ለጎን፣ አንዱ የአንዱን ክንድ ይዞ ገቡ። ሊሰናበቱኝ ነው ብዬ ወንበር አቀረብኩ። እነሱ ጸጥታ ለዘመናት በኖረበት በዚያ ጠረጴዛ ላይ ወሬ ጀመሩ። አቤት ወሬ! በኦሮምኛ ጀምረው በአማርኛ ይጨርሱታል፣ በአማርኛ ጀምረው በኦሮምኛ ይስቃሉ። ሻይ ቤት አይሻላችሁም ወይ ብዬ ብጠይቅ፣ እዚያማ ሰው ይስቅብናል አሉኝ። ግድግዳ ፍቄ፣ ድንች ነቅዬ ያገኘሁት ብርሃን ውስጥ ሁለት ሽማግሌዎች ሲንጫጩ እኔ ብሩሽ ይዤ ቆሜ ቀረሁ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለእኔ ነበር።

እውነትና ንጋት ደግሞ እያደር ይጠራል። አንድ ጠዋት ሐጂ በወሬያቸው መሃል ያ የላክልኝ ማር ጉልበቴን የፈወሰው መሰለኝ አሉ። የማር ነጋዴው ማር አልላኩም፣ እንዲያውም ያን ሰሞን ማር የገዛችኝ ይቺ ናት፣ ዋጋም አስቀንሳኛለች አሉ። ስለ ጉልበቴ በየቀኑ መጠየቅህስ? አሉ ሐጂ። እኔ? ይምጣልኝ ብለህ መጥራትህስ? አሉ የማር ነጋዴው። እኔ? ሁለት ራስ ቀስ ብሎ ወደ እኔ ዞረ። ሮጬ እንዳልወጣ ቤቱ የእኔ ነው።

ያስታረቅኩት ሁሉ በቆምኩበት ሊፈርስ ነው አልኩ። ሐጂ ዱላቸውን መሬት ላይ ተክለው ቅረቢ አሉኝ። በአባቶቻቸው ደንብ የተላከበትን ቃል ያጣመመ ሰው ጥጃ ይቀጣል አሉ፤ ደንቡን እዚያው የፈጠሩት ይመስለኛል። የማር ነጋዴው ጥጃ የላትም ብለው ተሟገቱልኝ። ጥቂት በጆሮ ተማከሩ። ከስንት ዘመን በኋላ አብረው የሰጡት የመጀመሪያው ፍርድ በእኔ ላይ ሆነ፤ አዳራሹ ጠዋት ጠዋት የእነሱ ነው።

«እስከ መቼ?» አልኩ።

ሐጂ ወዳጃቸውን አዩ፣ ወዳጃቸውም እሳቸውን። መልሱን የሰጡኝ የማር ነጋዴው ናቸው፤ ድምፃቸው ቀልድ አልነበረበትም።

«ዝም የተባባልንበትን ዘመን አውርተን እስክንጨርስ። ዕድሜያችን ከበቃን።»

ሐጂ መልሴን ሳይጠብቁ «ሃ ተኡ» አሉ፤ እንዲህ ይሁን ብለው ፍርዱን ዘጉ።

ሸራዬን አንስቼ ወደ ኋለኛው ክፍል ገባሁ። እዚያ መስኮቱ ጠባብ ነው፣ ብርሃኑም ጠዋት አይደርስበትም፤ ሥዕሎቼ ከዚያ ወዲህ ጨለም ብለዋል፣ የሚያዩዋቸው ሰዎች ጥልቀት ነው ይላሉ። ከአዳራሹ ሳቅ ሲሰማ በግድግዳው ማዶ ሆኜ እቆጣለሁ፤ የሚሰማኝ የለም። ጠዋት ሲዘገዩ ግን ብሩሼን አስቀምጬ ደጅ ድረስ እወጣለሁ፤ ከጉሙ ውስጥ ሁለት ጋቢ ብቅ እስኪል በሩን ከፍቼ እቆማለሁ።